ስሙ የጠፋ፣ አካሉ የቀረ ፋይል

ይህን ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ሁለት ሳምንት ሙሉ አመነታሁ። ሰው አልሞተበትም፣ ሠርግ የለበትም፣ ከቆቦ ከተማም አይወጣም። ያለው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ የጠፋ ፋይልና ከሥራቸው ሊነሱ ጫፍ የደረሱ አንዲት እናት ናቸው። ለዶርም ጓደኞቼ ስነግራቸው አንዷ ሚል ካርዷን አንስታ «አለቀ? እኔ እኮ ገና መጨረሻውን እየጠበቅኩ ነበር» ብላ ወደ ምሳ ሄደች። ልክ ሳትሆን አትቀርም። እኔ ግን ያን ቀን ስክሪኑ ላይ ያየሁትን ባሰብኩ ቁጥር እስካሁን ይደንቀኛል። ስለዚህ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ እንደነበረ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

የኮምፒውተር ሳይንስ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና አልቆ በየካቲት መጀመሪያ ለዕረፍት ቆቦ ስገባ፣ ከባጃጁ ሳልወርድ የድሮ የአይሲቲ መምህሬ መንገድ ላይ አዩኝና እጃቸውን አውለበለቡ። ከጎጃም ተመድበው የመጡ ናቸው። ቆቦ ስድስተኛ ዓመታቸው ቢሆንም ሙቀቱን አልለመዱትም፤ እርጥብ መሐረብ ከእጃቸው አይለይም። እኛ ተማሪዎቻቸው «ቲቸር» ነው የምንላቸው።

«በደህና ጊዜ መጣሽ» አሉኝ። «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤት ድረሺ።»

«ምን ተፈጠረ ቲቸር?»

«ሪከርድ ክፍል ሌባ ገብቷል ይላሉ። ብር አይነካ፣ ወረቀት አይነካ። ፋይል ብቻ ነው የሚወስደው።»

ሪከርድ ክፍሉ ከግቢው ጥግ ላይ ያለ የቆርቆሮ ክዳን ጠባብ ክፍል ነው። አራት ሰዓት ካለፈ ፀሐዩ ሲበረታ ቆርቆሮው ቋ፣ ቋ ማለት ይጀምራል። እዚያ የሚሠሩትን እናት ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። በየማለዳው ከሮቢት በሚኒባስ ይመጣሉ። ዓምና ትራንስክሪፕቴን ሲሠሩልኝ የአያቴ ስም ላይ አንዲት ፊደል ተሳስታ አገኟት። እኔ «ግድ የለም እትዬ፣ መኪና ሊያመልጠኝ ነው» ብላቸው፣ «መኪና ቢያመልጥሽ ሌላ ይመጣል፤ ፊደል ካመለጠች ግን ዕድሜሽን ሙሉ ትከተልሻለች» ብለው ወረቀቱን ቀድደው እንደገና አተሙት። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው።

ያን ጠዋት ግን ሰላምታዬን እንኳ በወጉ አልመለሱም። መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ ደብዳቤ አሳዩኝ። ርዕሱ «የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ» ይላል። ከግርጌው «ግልባጭ» ብሎ ይዘረዝራል፤ ለርዕሰ መምህሩ፣ ለግል ማኅደራቸው፣ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት።

«ተመልከቻት፣ አራት ቦታ ተቀምጣለች» አሉኝ። «እኔ ቤቴ ስተኛ እሷ አራት ቦታ ነቅታ ታድራለች።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከመስከረም ወዲህ የሁለት ክፍሎች የማርክ ፋይል ከኮምፒውተሩ ጠፍቷል። መጀመሪያ የአንድ ዘጠነኛ ክፍል፣ ቀጥሎ የአንድ አሥረኛ ክፍል። ያን ሁሉ ፋይል ከያዘው ማሽን ውስጥ ሁለቱም ጊዜ የጠፋው እትዬ በቅርቡ የሠሩበት ፋይል ነው እንጂ ሌላው አልተነካም። መምህራኑ ማርኩን ከወረቀት ሮስተሩ ላይ እንደገና እስኪያስገቡ ካርድ ዘገየ፣ ወላጅ ጮኸ፤ «አንድ ሰው ማርክ ለማስቀየር አነጋግሯቸው ይሆናል» የሚል ሐሜትም ተነሳ። ሦስተኛ ፋይል ከጠፋ ጉዳያቸው ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ እንደሚሄድ ደብዳቤው ይናገራል። ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ሦስት ዓመት ነው።

«ልጄ፣ ወላሂ አላጠፋሁም» አሉኝ። «ግን ደግሞ እጄ የነካው ሁሉ እየጠፋ ነው። እኔም ራሴን መጠርጠር ጀምሬያለሁ።»

ማሽኑ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም የጫኑት ቲቸር ናቸው፤ በፍላሽ የሚዛመተው ቫይረስ ስላስመረራቸው። የማርክ ማስገቢያውንም ፕሮግራም የጻፉት እሳቸው ናቸው። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ፋይል አለው፤ ፕሮግራሙ አንዱን ፋይል ከከፈተ ራሱ እስኪዘጋ ድረስ አይለቀውም።

«አንቺ ደግሞ» አሉኝ፣ «ፋይል በጠፋ ቁጥር የሚናገር ጠባቂ ሥሪልን። ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ የለ?»

የተማርኩት አራት ወር ነው። ነገር ግን እምቢ ማለት አላውቅበትም።

እዚህ ላይ ስለ ከርነል ጥቂት ማለት አለብኝ። ከርነል የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አስኳል ነው። ማንኛውም ፕሮግራም ፋይል ልክፈት፣ ልጻፍ፣ ላጥፋ ካለ በእርሱ በኩል ማለፍ ግዴታው ነው። ስለዚህ ፋይል ሲጠፋ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው። አንድ ፕሮግራም ቀርቦ «እዚህ ፎልደር ውስጥ ነገር ሲጠፋ አሳውቀኝ» ብሎ ከተመዘገበ ከርነሉ ያሳውቀዋል። መልእክቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የፋይሉ ስም ከፎልደሩ ሲሰረዝ የሚመጣ ነው፤ ሁለተኛው ፋይሉ ራሱ ለዘለቄታው ሲጠፋ የሚመጣ ነው። መምህራችን ክፍል ውስጥ ሁለቱን ለይተው ሲነግሩን ደብተሬ ላይ በጥሩ ጽሑፍ ገለበጥኩት እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልዩነቱ አልገባኝም ነበር። ስም ከተሰረዘ ምን ቀረ?

ጠባቂዬን በሁለት ቀን ጻፍኩት፤ በትጋቴም አበላሸሁት። ምንም እንዳያመልጠኝ ብዬ የማርኩን ፎልደር ብቻ ሳይሆን ማሽኑ ላይ ያለውን ፎልደር ሁሉ እንዲጠብቅ አዘዝኩት። የሰማውን ወሬ ደግሞ ትናንሽ ፋይል እየፈጠረ፣ የቆዩትን እያጠፋ፣ እዚያው በሚጠብቀው ፎልደር ውስጥ እንዲጽፍ አደረግሁ። ፋይል ሲጠፋ ይጽፋል። ለመጻፍ የቆየ ማስታወሻውን ያጠፋል። ያ ማጥፋቱ ራሱ አዲስ ወሬ ነው፤ ስለዚህ እንደገና ይጽፋል፣ እንደገና ያጠፋል። እትዬ አንድ ቁጥር ሲመቱ ቁጥሯ ስክሪኑ ላይ እስክትታይ ሻይ አፍልቶ መጠጣት ይቻል ነበር።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆመው አዩን። ማስጠንቀቂያውን የጻፉት እሳቸው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሥርዓት የሚወዱ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት የሸሚዛቸውን አንገት የማይፈቱ ሰው ናቸው።

«አይ ጠባቂ!» አሉ። «ሌባውን ትቶ ባለቤቱን አሰረ እኮ!»

እትዬ እንኳ ሳይቀሩ ሳቁ። እኔም አብሬ ለመሳቅ ሞከርኩ፤ ወደ ቤት ስሄድ ግን እንባዬ መጣ። ልጠቅማቸው ሄጄ ሥራቸውን አቆምኩባቸው።

አመሻሹ ላይ አባቴ ደጅ ተቀምጦ የማሽላ ጆንያ ይሰፋ ነበር። አባቴ የሰፈራችን ቅሬ፣ የዕድሩ ማለት ነው፣ ጡሩምባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት ለአባላቱ የሚለፍፈው እርሱ ነው። አጠገቡ ተቀመጥኩና ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ ሰው ሲሞት በየቤቱ በር እያንኳኳህ ነው የምትናገረው?»

«በር እያንኳኳሁማ ብሄድ ሬሳው በሦስተኛው ቀን ነው የሚቀበር!» አለና ሳቀብኝ። «መንታ መንገድ ላይ እቆማለሁ፣ እነፋለሁ፣ ስሙን ጠርቼ አልፋለሁ። የሰማ ይመጣል። ማን ሰማ፣ ማን አልሰማ እያልኩ አልገተርም። የቅሬው አባል የሌለበት ሰፈር ደግሞ ጭራሽ አልደርስም። ለማን ልንፋ?»

«ጡሩምባ ተነፋ ብለህስ ጡሩምባ ነፍተህ ታውቃለህ?»

መርፌውን አቁሞ አየኝ። «አንቺ ልጅ፣ እዚያ ዩኒቨርሲቲ ምንድን ነው የሚያበሏችሁ?»

ማሽኑ ላይ የሠራሁትን ነገርኩት። ከርነል የሚለውን ቃል ባያውቀውም ነገሩ ወዲያው ገባው። መርፌውን ጆንያው ላይ ሰክቶ እንዲህ አለኝ።

«ከመንፋት ይልቅ የሚከብደው መቼ እንደማይነፋ ማወቅ ነው። አንድ ጊዜ እከሌ ሞተ ብለው ላኩብኝ። ስደርስ ሰዉ ደጁን ሞልቶታል፤ ሚስትየው ውስጥ እጁን ይዛ ተቀምጣ ‹አልሞተም› ትላለች። አንተ ንፋ፣ እሷን እንዲህ የሚያሰኛት ሐዘን ነው፣ አሉኝ። እኔ ጡሩምባዬን ብብቴ ሥር አድርጌ ቆምኩ። እጁን የያዘ ሰው ሳይለቅ አይነፋም፤ እኔም ከአባቴ የሰማሁት ይኸንኑ ነው። ያ ሰውዬ በዚያው ዓመት ማሽላውን በገዛ እጁ አጨደ።»

በማግስቱ ጠባቂዬን አፍርሼ ሠራሁት። የሚጠብቀው የማርኩን ፎልደርና በውስጡ ያሉትን ፋይሎች ብቻ ሆነ፤ ማስታወሻውን የሚጽፈውም ሌላ ቦታ። ማሽኑ ወዲያው ቀለለው። እትዬ ቁጥር መትተው ቁጥሯ እጃቸውን ሳያነሱ ስትታይ «አልሃምዱሊላህ፣ ተፈታን» አሉ።

ዋናው መደነቄ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በፍላሽ ገልብጬ ያመጣሁት የከርነሉ ምንጭ ኮድ ነበረኝ። ከዚያ ውስጥ ስለ ፋይል መጥፋት የሚያሳውቀውን ክፍል ፈልጌ ማንበብ ጀመርኩ። አብዛኛው አልገባኝም። የገባኝ ጥቂቱ ግን የአባቴ ሥራ ነበር። ከርነሉ ፋይል ሲጠፋ አስቀድሞ አንዲት አጭር ጥያቄ ይጠይቃል፤ የተመዘገበ አድማጭ አለ? ከሌለ ምንም ሳይደክም ያልፋል። ማሽኑ ውስጥ በየቅጽበቱ ስንትና ስንት ፋይል ይወለዳል፣ ይጠፋል፤ ለሁሉም ጡሩምባ ቢነፋ ሌላ ሥራ መሥራት አይችልም ነበር። አድማጭ ካለ ደግሞ መልእክቱን ወረፋ ላይ ያስቀምጥለትና ይሄዳል፤ አድማጩ እስኪያነብ ቆሞ አይጠብቅም። ወረፋው ከሞላም አይዋሽም፤ «ያልነገርኩህ አለ» የምትል አንዲት መልእክት ትቶ ያልፋል። እኔ በትጋት ያበላሸሁትን ነገር የማላውቃቸው፣ አገራቸው የት እንደሆነ እንኳ የማላውቃቸው ሰዎች አስበውበት፣ አንዲት መስመር እንዳትባክን ተጠንቅቀው ጽፈውታል። ከሪከርድ ክፍሉ በር ላይ ቁጭ ብዬ ወደ ዞብል ተራራ እያየሁ፣ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እዚህ ቆቦ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ባለው አቧራማ ሣጥን ውስጥ ያለ ማንም ምስጋና እየሠራ መሆኑ አስደነቀኝ።

ስድስት ቀን ምንም አልጠፋም። በመካከሉ ቲቸር ለሥልጠና ወልድያ ሄደው ሁለት ቀን አልነበሩም። እትዬ ጠዋት ጠዋት ማሽኑን ራሳቸው እያበሩ የአሥራ ሁለተኛ ቢ ክፍልን ማርክ አስገብተው ጨረሱ።

ቲቸር በተመለሱ ዕለት ማሽኑን ያበሩት እሳቸው ነበሩ። እትዬ ያንኑ የአሥራ ሁለተኛ ቢ ፋይል ከፍተው፣ አንድም ቁጥር ሳይቀይሩ፣ ካርድ እያተሙ፣ ቀኑን በእስክሪብቶ እያረሙ ማደል ጀመሩ። እኔ በማግስቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተሳፋሪ ነኝ፤ ልሰናበታቸው ነበር የመጣሁት። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ እትዬ በመስኮቱ ለአንድ አባት ካርድ ሲያቀብሉ ጠባቂዬ ጢጥ አለ።

ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር ወጥታለች። የአሥራ ሁለተኛ ቢ ማርክ፤ ስሙ ከፎልደሩ ተሰርዟል።

እትዬ ዞረው አነበቡ። «ሦስተኛው» አሉ። ወንበሩን በእጃቸው ዳብሰው ተቀመጡ። መስኮቱ ላይ ያሉት አባት ካርዱን እንደያዙ «ምን ሆኑ?» እያሉ ይጠይቃሉ።

ገና ሳንተነፍስ መብራት ጠፋ። ቆቦ ላይ እኩለ ቀን መብራት መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለም። ማተሚያው ወረቀት በአፉ እንደያዘ ቆመ፤ ከጠረጴዛው ሥር ዩፒኤሱ፣ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆየው ባትሪ፣ መጮህ ጀመረ። አሮጌ ነው፤ ቢበዛ አሥር ደቂቃ ቢይዝ ነው።

ቲቸርና ምክትሉ ተከታትለው ገቡ። ምክትሉ ስክሪኑን አነበቡ።

«እትዬ፣ እኔ ምን ልበል እንግዲህ?» አሉ። «በሉ ባትሪው ሳያልቅ ፕሮግራሙን ዝጉና ማሽኑን በሥርዓት አጥፉት። እሱም ተበላሽቶ ሌላ ጣጣ እንዳይሆን። ከዚያ ቢሮ መጥተን እንነጋገራለን።»

እትዬ ታዛዥ ናቸው። እጃቸው ወደ ማውሱ ሄደ።

እኔ የማየው ስክሪኑን ነበር። አንዲት መስመር ብቻ ናት ያለችው። ሁለተኛዋ፣ ፋይሉ ራሱ ጠፍቷል የምትለዋ፣ አልመጣችም። የአባቴ ጡሩምባ ብብቱ ሥር እንዳለ ታየኝ።

«እንዳትነኪው!» ብዬ ጮህኩ።

እትዬ እጃቸውን ከማውሱ አነሱ። ዩፒኤሱ ይጮሃል። እናቴን የምታክል ሴት አንቺ ብዬ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን እርሱን እንኳ ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

«አልሞተም!» አልኩ። «ስሙ ነው የተሰረዘው። ፕሮግራሙ እንደያዘው ነው። ፕሮግራሙን ከዘጋነው ያን ጊዜ ይሞታል!»

«የጠፋ ነገር እንዴት አድርጎ ይያዛል?» አሉ ምክትሉ።

ቲቸር መሐረባቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «ይያዛል!» አሉ። «ልክ ናት። ከርነሉ አንድ ሰው እንኳ የያዘውን ፋይል ቦታውን አይነጥቅም። አንቺ ልጅ፣ ቶሎ በይ፣ ቅጂው!»

ከርነሉ እያንዳንዱ ፕሮግራም በእጁ ምን ምን ፋይል እንደያዘ የሚያሳይበት ቦታ አለው። ከፈትኩት። ከብዙ መስመሮች መካከል የአሥራ ሁለተኛ ቢ ፋይል አለች፤ ከጎኗ ጠፍታለች የሚል ምልክት ተጽፎባታል። ጠፍታለች ይላል፤ ግን እዚያው አለች። ፎልደሩን የከፈተ ማንም ሰው አያገኛትም። ስም የላትም፣ አድራሻ የላትም፤ አንድ ፕሮግራም ስለያዛት ብቻ ቁጥሯ ሳይጎድል ተቀምጣለች። የቅጂ ትእዛዙን ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ጻፍኩት።

«ረጋ በይ» አሉ ቲቸር፤ ራሳቸው ግን ላብ በላብ ሆነዋል።

«ያ አላህ፣ ያ አላህ» ይላሉ እትዬ ከኋላዬ፤ ሁለቱንም እጆቻቸውን ከማሽኑ አርቀው ወደ ላይ ይዘዋል።

በሦስተኛው፣ ወደ ሰካሁት ፍላሽ እንዲገለብጥ ጽፌ ጨረስኩ። ፋይሉ የተጻፈበት ቀን ሳይለወጥ አብሮ እንዲቀዳ የሚያደርገውን ምልክትም ጨመርኩበት። ይህ ከብልሃት የመጣ አልነበረም፤ የሰው ዕቃ ስመልስ እንዳገኘሁት መመለስ ስለምወድ ነው። የፍላሹ መብራት ብልጭ ብልጭ አለና ቆመ። ቲቸር ፍላሹን ነቅለው ላፕቶፓቸው ላይ ሰኩት፤ የልጆቹ ስም ከነማርካቸው ቁልቁል ወረደ። እትዬ የመጨረሻውን ተማሪ ስም በጣታቸው ነክተው «ሁሉም አሉ» አሉ።

«አሁን ይዝጉት» አሏቸው ቲቸር።

እትዬ እኔን አዩኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። ፕሮግራሙን ዘጉት። በዚያችው ቅጽበት ጠባቂዬ ለሁለተኛ ጊዜ ጢጥ አለ፤ ሁለተኛዋ መስመር ከመጀመሪያዋ ሥር ወጣች። ፋይሉ ጠፍቷል። የያዘው እጅ ሳይለቅ አልተነፋም ነበር። ትንሽ ቆይቶ ዩፒኤሱም ጮሆ ጮሆ ዝም አለ፤ ስክሪኑ ጠቆረ።

ምክትሉ ግን ሥርዓት ወዳድ ናቸውና ጥያቄያቸውን አልረሱም። «መትረፉስ ተረፈ፤ ማን አጠፋው?»

ቲቸር ፍላሹ ላይ ያለውን ፋይል በላፕቶፑ እየመረመሩ ነበር። «ይኼ ነገር ምንድን ነው?» አሉ ቀስ ብለው። «ይህ ፋይል ለመጨረሻ ጊዜ የተጻፈው በ2007 ጁን ላይ ነው ይላል። ስምንት ዓመት ሊሆነው እኮ ነው!»

«ልጆቹ ያኔ አራተኛ ክፍል ነበሩ» አሉ ምክትሉ።

እትዬ ተቆጡ። «ማነው ስምንት ዓመት ያለው? እኔ ያስገባሁት በቀደም ነው! ቀኑንም ሲጠይቀኝ በትክክል ሞልቻለሁ፤ ስድስተኛ ወር፣ ሁለት ሺህ ሰባት። ዘንድሮ ሁለት ሺህ ሰባት አይደል እንዴ?»

ቆርቆሮው ቋ አለ።

ነገሩ ቀስ በቀስ ተገለጠልን። የማሽኑ የሰዓት ባትሪ የሞተው ከክረምት ጀምሮ ነው። መብራት ጠፍቶ ካደረ ጠዋት ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ ቆሞ ቀን ይጠይቃል። ቲቸር ሲያበሩት የፈረንጁን ቀን ይሞላሉ፤ 2015። እሳቸው በማይኖሩባቸው ጥቂት ቀኖች እትዬ ሲያበሩት የእኛን ይሞላሉ፤ 2007። ካርዱ ላይ የሚታተመው ቀን ከማሽኑ ስለሚወጣ፣ አንዲት ፊደል እንኳ የማያሳልፉት እትዬ ስምንት ዓመት የተሳሳተ ቀን እንዴት አድርገው ያሳልፉ? ቲቸር ደግሞ ዲስኩ ጠባብ ስለሆነ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የጽዳት ትእዛዝ ጽፈው ረስተውታል፤ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ አምስት ዓመት ያልተነካ ፋይል ካለ ያጠፋል። እትዬ በራሳቸው ቀን የጻፉት ፋይል፣ ቲቸር ተመልሰው የፈረንጁን ቀን ሲሞሉ፣ በአንድ ጠዋት ስምንት ዓመት ያረጃል። እኩለ ቀን ላይ ይጠረጋል። እጃቸው የነካው ብቻ የሚጠፋው ለዚህ ነበር። የፊተኞቹ ሁለት ፋይሎች ቀናቸውን ይዘው ስለሄዱ ለእትዬ የሚመሰክር አልተገኘም።

«ሌባው እኔ ነኛ» አሉ ቲቸር። መሐረባቸውን አንስተው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«እኔስ የልጅቱን ጠባቂ ነበር የጠረጠርኩት» አሉ ምክትሉ ፈገግ ብለው፤ ወዲያው ግን ወደ እትዬ ዞሩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የማነሳውም እኔ ነኝ።»

ቲቸር በዚያው ሰሞን አዲስ የሰዓት ባትሪ አስገቡ፤ የጽዳቱን ትእዛዝ አነሱ፤ ካርዱም የእኛን ቀን ራሱ አስልቶ እንዲያትም አደረጉ። ደብዳቤው ግን እንዲህ በቀላሉ አልተነሳም። እትዬ ዘንድ ያለችው ዋናዋ በዕለቱ ተመለሰች። የርዕሰ መምህሩና የግል ማኅደራቸው ግልባጮች በሳምንቱ ውስጥ ወጡ። የወረዳዋ ግን የያዛት ሠራተኛ ፈቃድ ላይ ነው ተባለ፤ መሳቢያው ተቆልፏል።

እኔ ወደ ትምህርቴ ተመልሼ በስልክ እጠይቃቸው ነበር።

«ደስ አይልዎትም እትዬ? ሦስቱ እኮ ተነሱ።»

«ምን ደስታ አለ ልጄ፣ አንድ ሰው መሳቢያው ውስጥ ይዞኝ እያለ? አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽኝ፣ የያዘው እስኪለቅ አላለቀም ብለሽ?»

ያስተማረኝ አባቴ ነው፣ እርሱንም ከአባቱ ነው የሰማው ልላቸው ፈልጌ ተውኩት።

በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ደወሉ። ላብራቶሪ ውስጥ ስለነበርኩ ወጥቼ ኮሪደር ላይ አነሳሁት።

«መጣች!» አሉ፤ ድምፃቸው የወጣት ሆኗል። «አራተኛዋ እጄ ገባች።»

«ቀደዷት?»

«እኔማ አልቀድም። የተመለሰችበትን ቀን ከጀርባዋ ጻፍኩባትና ለምክትሉ ሰጠኋቸው፤ እሳቸው ፊቴ ቀደዷት።»

«የትኛውን ቀን ጻፉባት እትዬ?»

«የትኛውን ትላለች እንዴ! የራሳችንን ነዋ» አሉኝ። «መጋቢት 3 ቀን 2007 ዓ.ም.።»